ባዶው ሰልባትዮ

እስቲ ጆሮ ስጡኝ። ታሪኩ ሸምገል ያሉ የአንድ በያጅና ችኩል የሆነ የአንድ ባለ ሚኒባስ ነው። ስማቸው ይቅር፤ አምሳያቸው በየጋራዡ ሞልቷል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ሰማያዊና ነጯ ሚኒባስ ከአንድ የአዲስ አበባ ጋራዥ ደረሰች። ጭቃና ጎርፍ ስትረግጥ ከርማ ወለሏ ከኋላ ወንበር ሥር ዝጎ ተበስቷል። ባለቤቱ ላሜራውን ከመርካቶ ገዝቶ በብብቱ ይዟል።

«ጋሼ፣ ቶሎ ይለጥፉልኝ፤ ከሰዓት ተራ አለብኝ።»

እሳቸው ማሽኑን አላስነሱም። ጎንበስ ብለው ከሥር አዩና «የነዳጅ ሰልባትዮው እዚሁ ነው?» አሉ።

«አዎ፣ ግን ግድ የለም፤ ቤንዚኑን አስወጥቻለሁ። ባዶ ነው።»

«እኔ የምፈራው ባዶውን ነው።»

እንዴት ነው ነገሩ? ትሉ ይሆናል። የሚነደው ፈሳሹ ቤንዚን ሳይሆን ትነቱ ነው። ባዶ በተባለው ሰልባትዮ ውስጥ ትነትና አየር ተቀላቅለው ተቀምጠዋል። ከአየሩ 1.4 በመቶ ያህሉ የቤንዚን ትነት ከሆነ አንዲት ብልጭታ ትበቃለች። ቤንዚን ለመትነን ፀሐይ አይጠብቅም፤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። ትነቱም ከአየር ስለሚከብድ ሽቅብ አይወጣም፤ መሬት ለመሬት ተስቦ የጋራዡ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ሙሉውም ቢሆን አይታመንም፤ መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ፈቶ ማራቅ።

ተፈታ። ርቆ ውጭ ተቀመጠ፤ የነዳጅ መስመሩም አፉ ተደፈነ። ወንበሩ ወጣ፤ ምንጣፉ ተገፈፈ። ባለ ሚኒባሱ ሰዓቱን ያያል።

«ጋሼ፣ ቀዳዳዋ እኮ መዳፍ አታክልም!»

«ቀዳዳዋ አታክል። ፍንጣሪው ግን የት እንደሚያርፍ ታውቃለህ?»

እውነት አላቸው። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ ተቀጣጣይ ነገር ከብየዳው 11 ሜትር ያህል እንዲርቅ የሚያዘው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዚያ ባትሪው ተነቀለ፤ መጀመሪያ ኔጋቲቩ። የብየዳ ማሽኑን የማሳ ሽቦ መቆንጠጫ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ባዶ ብረት ላይ አስነከሱት። ራቅ ካለ ኤሌክትሪኩ በሽቦና በኩሽኔታ በኩል መንገድ ይፈልጋል፤ ያገኘውንም ያግላል። ቀጥሎ ቀለሙና የዝገት መከላከያው ከላይም ከሥርም ተፋቀ።

አሁን ረዳታቸውን ጠሩ። እሳት ማጥፊያና አንድ ባልዲ ውሃ አስያዙት።

«አንተ ልጅ፣ እኔን እንዳታይ። የብረቱን ሌላ ወገን እይ።»

ጭምብል ያጠለቀ በያጅ ከነጩ ብርሃን ውጭ ምንም አያይም፤ ጀርባው ቢነድ የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው። ብረት ደግሞ ሙቀቱን ወደ ማዶ ያሻግራል። ስለዚህ ነካ እያደረጉ፣ እያረፉ በየዱ።

«ጋሼ፣ ጭስ!»

ማሽኑ ጠፋ። ከወለሉ ጠርዝ ሥር የተረሳች የስፖንጅ ቁራጭ ትጤሳለች። ውሃው ፈሰሰባት፤ አለቀ። ነዳጅ ቢሆን ኖሮ ውሃ አይሞከርም ነበር፤ ውሃ የሚነድ ቤንዚንን ይበትነዋል፤ የዱቄቱ ማጥፊያ የተዘጋጀው ለዚያ ነው።

ላሜራው ተለጠፈ። ባለ ሚኒባሱ ቁልፉን ሊቀበል እጁን ዘረጋ።

«ቁጭ በል፤ ገና ነው።»

ስፖንጅና ጨርቅ ውስጥ ውስጡን ሲጤስ ቆይቶ በኋላ ነው የሚነደው። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ከብየዳ በኋላ የሚጠበቀውን ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2019 ከግማሽ ሰዓት ወደ 1 ሰዓት ያሳደገው ለዚህ ነው። ሰዓቱ እስኪሞላ ሻይ ታዘዘ፤ ልጁም ወለሉን በእጁ እየዳሰሰ ጠበቀ።

እናንተ ባለ መኪኖች፣ በብየዳ ዋጋ ስትከራከሩ የመፍታቱንና የመጠበቁን ሰዓትም ቁጠሩ፤ ሥራው እሱ ነው። ሰልባትዮ ሳይፈታ፣ ባትሪ ሳይነቀል «በአምስት ደቂቃ ልለጥፍልህ» የሚል ካጋጠማችሁ፣ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።