ስብከት ሲከለከል ያልተዘጋው ትምህርት ቤት

የሚስዮን ትምህርት ቤቶች ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው ከባሕር ማዶ የመጡ ሰዎች ታሪክ ሆኖ ነው። የወለጋው ግን ሌላ ነገር ይነግረናል፤ ትምህርት ቤቱን የተከለውም ያቆየውም የአገሬው ሰው የፊደል ጥማት ነው። የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን መልእክተኞች እ.ኤ.አ. በ1866 ምጽዋ ሲደርሱ ሐሳባቸው ወደ ኦሮሞ ምድር መዝለቅ ነበር፤ መንገዱ ግን ተዘጋባቸው፣ ብዙዎቹንም በሽታ ቀጠፋቸው። ያሰቡትን ከዳር ያደረሱት ምጽዋ አጠገብ፣ ምንኩሉ ላይ ያስተማሯቸው ከባርነት የተፈቱ ልጆች ናቸው። ከኢሉባቦር ተሰርቆ የተሸጠውና በ1870 ነፃ የወጣው ኦነሲሞስ ነሲብ እና በ1886 ከባሪያ ነጋዴዎች ጀልባ የተረፈችው አስቴር ጋኖ ተጋግዘው የኦሮምኛ ንባብ መማሪያ አዘጋጁ፤ በ1894 ታተመ። አስቴር ገና ልጅ ሳለች ከተነጠቀችው ቋንቋ ቃላቱን፣ ተረቱንና ዘፈኑን በትዝታዋ እየለቀመች በግዕዝ ፊደል አሰፈረችው። ከዚህ የሚበልጥ የመምህርነት ሥራ በዘመኑ መጥቀስ ያስቸግራል።

ሁለቱ በ1904 ወለጋ ሲገቡ የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሏቸው፤ ትምህርት ቤትም ተከፈተ። ብዙ ሳይቆይ ካህናቱ ኦነሲሞስን በሃይማኖት ከሰሱት፤ በ1906 አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርቦ እንዲሰደድ ተፈረደበት። ዳግማዊ ምኒልክ ፍርዱን ሽረው ወደ ነቀምቴ መለሱት፤ መስበክ ግን ከለከሉት። እስከ 1916፣ ልጅ ኢያሱ እስኪፈቅዱለት ድረስ፣ ሥራው ማስተማር ብቻ ሆነ። ሰባኪውን ያልፈለገ መንግሥት መምህሩን ታግሦታል ማለት ነው።

ትምህርት ቤቱ ሃይማኖት ማስለወጫ ወጥመድ ነበር የሚሉ አሉ። ሚስዮኖቹ አማኝ ማፍራት መፈለጋቸው አይካድም። ወጥመድ ብቻ ቢሆን ግን ስብከቱ በታገደባቸው ዓመታት ደጁ ባዶ በቀረ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከጥንት ጀምሮ ነበረ የሚለው መቃወሚያ የበለጠ ይከብዳል። ከንባብ ቤት እስከ ቅኔና መጻሕፍት ቤት የሚዘልቀው ሥርዓት ሊቃውንትን ያፈራ ትልቅ ቅርስ ነው። ሆኖም ትምህርቱ በግዕዝና በአማርኛ ነበር፤ በእናቱ ቋንቋ መማር ለሚሻ የወለጋ ልጅ ቦታ አላዘጋጀም።

ሰባኪውን ከልክሎ መምህሩን የመታገሡን ልማድ የ1944ቱ የሚስዮኖች ደንብም ያጸናል። አገሩን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልልና ክፍት ክልል ብሎ ሲለይ፣ በመጀመሪያው ስብከትን ከልክሎ ሃይማኖት የማይሰበክበትን ትምህርትና ሕክምናን ፈቀደ። ትምህርት ቤቶቹ የተስፋፉት በዚህ በር ነው፤ ደርግ የግል ትምህርት ቤቶችን እስኪወርስ ድረስም በዚሁ ቆዩ። ደንቡ ግን የማስተማሪያውን ቋንቋ አማርኛ አደረገ፤ ሌሎች ቋንቋዎች የተፈቀዱት ተማሪው አማርኛ እስኪለምድ ብቻ ነበር። በዚህም አስቴር የለፋችበት ኦሮምኛ ትምህርት ቤቶቹ በበዙበት ዘመን ከመማሪያ ክፍሉ ተገፋ።