ስለ ሙሽራ አኳኳል ታሪክ



የሠርግ ወራት በገባ ቁጥር በየቤቱ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም ሙሽራዋ እንዴት ትኳል የሚለው ነው። እናት፥ የልጄ መልክ እንደ ተፈጥሮው ይታይ ትላለች። ሚዜዎች ደግሞ፥ ቀኑ አንድ ቀን ነውና ደምቃ ትታይ ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት ከፍቅር የተነሣ ነው። ነገር ግን ይህ ክርክር የዛሬ ዘመን ብቻ ቢመስለን እንሳሳታለን፤ ዕድሜው ከሁለት ሺሕ ዓመት ያልፋል። በዛሬው ንግግሬ ይህንኑ ጉዳይ ከታሪክ አንጻር ለመግለጽ አስቤአለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረው የግሪክ ጸሐፊ ክሴኖፎን ስለ ቤት አስተዳደር በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ኢስኮማኮስ የተባለ ባለጸጋ ስለ ወጣት ሚስቱ ሲናገር እናገኛለን። ወጣቲቱ ነጣ ብላ ለመታየት ፊቷን በነጭ እርሳስ ቀብታ፥ ጉንጯን ከዕፅ ሥር በወጣ ቀለም አቅልታ፥ ቁመቷም ረዝሞ እንዲታይ ከፍ ያለ ጫማ ተጫምታ ነበር። ባሏ አልተቆጣትም። ነገር ግን፥ እኔ ሐሰተኛ ብር እያሳየሁ የሌለኝን ሀብት አለኝ ብልሽ ትወጂኝ ነበርን? ብሎ ጠየቃት። ከዚያ ወዲያ መቀባቱን ተወች ይባላል። እርግጥ የሚስቲቱን ሐሳብ የምንሰማው በባሏ አንደበት ብቻ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ከሦስት መቶ ዓመት ያህል በኋላ የተነሣው የሮማ ባለቅኔ ኦቪድ ግን ነገሩን በሌላ መንገድ ተመለከተው። እርሱ ሴቶችን አትኳሉ አላለም። እንዲያውም ስለ ፊት ቅባቶች አሠራር ራሱን የቻለ ግጥም ጽፏል። ምክሩ፥ የቅባቱ ዕቃ በሰው ፊት አይዘርጋ፤ ሥራው በስውር ይሠራ፤ የሚታየው ውጤቱ ብቻ ይሁን የሚል ነበር። እንግዲህ ዛሬ ተፈጥሮን የሚመስል አኳኳል የምንለው ከክሴኖፎን ይልቅ የኦቪድ ልጅ ነው። ይህ አኳኳል ያለመኳል ሳይሆን፥ እጁ ሳይታይ የሚሠራ ጥበብ ነው።

ይሁን እንጂ ያ ነጭ እርሳስ ከሮማ መንግሥት ጋር አልተቀበረም። እርሳስን በሆምጣጤ እንፋሎት በማዛግ የሚገኘው ይህ ዱቄት ጠባሳን አሳምሮ ስለሚሸፍን በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት የመኳንንት ሴቶች መዋቢያ ሆኖ ኖረ። ሆኖም መርዝ ነው። ቆዳን ያበላሻል፤ ወደ ሰውነት ሲገባም ጤናን ይጎዳል። በመልኳ ዝነኛ የነበረችው የእንግሊዝ አገር እመቤት ማሪያ ጋኒንግ በ1752 ዓ.ም. ተሞሽራ የኮቨንትሪ ኧርል ሚስት ሆነች፤ በ1760 ዓ.ም. ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላት ሞተች። ለሞቷም ምክንያቱ ይህ የእርሳስ ቅባት እንደ ሆነ ሲነገር ኖሯል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ነባሩ የሙሽራ አሸላለም በምን ላይ እንዳተኮረ መመርመር ይገባል። ዓይን በኩል ይኳላል፤ እጅና እግር በእንሶስላ ይቀላሉ፤ ጠጉር ሹሩባ ተሠርቶ ቅቤ ይቀባል፤ በአንዳንድ አገርም ድድ ይነቀስና ጥርስ ነጭነቱ ጎልቶ ይታያል። ልብ ብለን ብናስተውል፥ ከእነዚህ አንዱም የፊትን ቆዳ የሚሸፍን አይደለም። ዓይኑን፥ ጥርሱንና እጁን ያጎላሉ እንጂ የፊቱን መልክ ለባለቤቱ ይተዉለታል።

ዛሬ የምናውቀው ፊትን የሚሸፍን፥ ግን ቆዳ የሚመስል ቅባት የመጣው ከሲኒማ ነው። በፖላንድ ተወልዶ በ1904 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ የተሰደደው ማክስ ፋክተር፥ የቲያትር ተዋንያን የሚቀቡት ወፍራም ቅባት በፊልም ካሜራ ፊት እየተሰነጠቀ ማስቸገሩን አይቶ፥ በ1914 ዓ.ም. ቀጠን ያለ ቅባት ሠራ። ባለ ቀለም ፊልም በተስፋፋ ጊዜም ድርጅቱ በ1930ዎቹ መጨረሻ በእርጥብ ስፖንጅ የሚቀባ ደረቅ ቅባት አወጣ። ከተዋንያንም አልፎ ተራው ሕዝብ ገዛው።

በዚያው ዘመን ስትኳል ዓይኗን አጠፋች የሚለው አባባላችን በአሜሪካ አገር ቃል በቃል ደረሰ። በ1933 ዓ.ም. ለሽፋሽፍት ማጥቆሪያ ተብሎ የሚሸጥ አንድ ቀለም ሴቶችን እስከ መታወር አደረሰ። ሕዝቡም ስለ ጮኸ፥ በ1938 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት ሕግ መዋቢያዎችንም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር አዋለ።

ነገር ግን ሕግ ያልፈታው ሌላ ችግር ነበር። ፋብሪካዎቹ ቀለሙን የሚቀምሙት በአብዛኛው ለነጭ ቆዳ ነበርና ጥቁር ሴት ስትቀባው አመድ የተነፋባት ትመስል ነበር። ለጥቁር አሜሪካውያን ይታተም የነበረው የኤቦኒ መጽሔት ባለቤቶች ያዘጋጁት በነበረው የልብስ ትርኢት ላይ ይሰለፉ የነበሩት ልጃገረዶች ለመልካቸው የሚስማማ አጥተው ቀለም ከቀለም እየቀላቀሉ ይቀቡ ነበር። ይህን ያዩት ወይዘሮ ዩኒስ ጆንሰን በ1973 ዓ.ም. ለጥቁር ቆዳ የሚሆን መዋቢያ እንዲወጣ አደረጉ። በሞቃዲሾ የተወለደችው ኢማንም በ1994 ዓ.ም. የራሷን የመዋቢያ ድርጅት አቋቋመች።

ይህን ሁሉ መዘርዘሬ ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬም በከተማችን ከሠርጉ በፊት ባሉት ወራት መልኳን ለማንጣት ስሙ ያልታወቀ ክሬም የምትቀባ ልጅ አትጠፋም። ከእንዲህ ያሉት አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው፤ ሜርኩሪም ኩላሊትን ይጎዳል። በ2013 ዓ.ም. በጃፓን ለፊርማ የቀረበው የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ የገባበትን መዋቢያ ለማስቀረት ተነሥቷል። ምንጩ ያልታወቀ ኩልም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። የማሪያ ጋኒንግ ታሪክ ስሙን ለውጦ ወደ እኛ ቤት እንዳይገባ መጠንቀቅ የወላጅም የሚዜም ግዴታ ነው።

ታዲያ ሙሽራዋ እንዴት ትኳል? ከታሪኩ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አዲስ ቅባት በሠርጉ ዕለት አይጀመርም፤ ከብዙ ቀን በፊት በጥቂት ቆዳ ላይ ይሞከራል። የመሠረቱ ቅባት፥ በዛሬው አጠራር ፋውንዴሽን፥ ከአንገት መልክ ጋር እንዲስማማ በመስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን ይመረጣል፤ በመብራት ብቻ የተመረጠ ቀለም ያታልላልና። ቅባቱ በስሱ ይደረባል፤ የሚሸፈነውም መሸፈን ያለበት ቦታ ብቻ ነው። ነጣ ያለ ዱቄት ካሜራ ብልጭ ሲል ፊትን እንደ ኖራ ስለሚያሳይ በጥቂቱ ይነሰነሳል። ለዓይን ኩል፥ ለከንፈር ከራሱ መልክ ብዙ ያልራቀ ቀለም ይበቃል።

የሠርግ ፎቶግራፍ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ የቤተሰብ መዝገብ ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ አንዲት ልጅ አልበሙን ገልጣ፥ ይህች ማን ናት? ብላ እንዳትጠይቅ፥ ይልቁንም፥ እናቴ እንዴት ታምር ነበር! እንድትል፥ የእናቲቱ ፊት ከቀለሙ በላይ መታየት አለበት። ኢስኮማኮስ ሚስቱን አትቀቢ አላት፤ ኦቪድ ደግሞ ሥራው አይታይ አለ። እኔም ለሙሽሮቻችን የምመኘው፥ ቢኳሉም ባይኳሉም፥ እናታቸው ከሩቅ አይታ የምታውቃቸው ሆነው እንዲወጡ ነው።

የዛሬው ንግግሬ በዚሁ ተፈጸመ።