የመብራት መጥፋት በድሬዳዋ

የመብራት መጥፋት በድሬዳዋ ከተማ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥ የነዋሪው የዕለት ኑሮ የሚለወጥበትን ሁኔታ ያመለክታል። በአማርኛ «መብራት ጠፋ» ሲባል ነገሩ የብርሃን ጉዳይ ይመስላል፤ በድሬዳዋ ግን ጨለማው ከችግሮቹ ሁሉ ትንሹ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ቆላ ናት። የምትጠጣው ውሃም በአብዛኛው በኤሌክትሪክ ፓምፕ ከከርሰ ምድር የሚሳብ ነው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ሙቀቱ ይሰማል፣ መቋረጡ ከረዘመ ደግሞ ቧንቧው ይደርቃል።

መነሻዎቹ

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ኃይል ነው። ድሬዳዋ ይህን ኃይል የምታገኘው ከቆቃ አቅጣጫ በአዋሽ በኩል በሚመጣ ባለ 230 ኪሎ ቮልት መስመር ነው። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ የተዘረጋው መስመር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ ጀምሯል። በግድቦች ውሃ ሲቀንስ ችግሩ በመላ አገሪቱ ይታያል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ በመቀነሱ መንግሥት ኃይልን በፈረቃ ማዳረስ ጀምሮ ነበር፤ ወሩ ደግሞ በድሬዳዋ ሙቀቱ ከሚበረታባቸው አንዱ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የማመንጨት አቅሙን በብዙ ጨምሯል። ይሁን እንጂ የሰፈር ትራንስፎርመር ሲቃጠል፣ ምሰሶ ሲወድቅ ወይም ነፋስ ሽቦ ሲያነካካ የሚመጣውን መቋረጥ የግድብ ብዛት አያስቀረውም። አንዳንዴ ከሦስቱ መስመሮች አንዱ ብቻ ይጠፋና («ፌዝ ጠፋ» ይባላል) የአንዱ ቤት ጨልሞ የጎረቤቱ ይበራል።

ዝናብና ጎርፍ

በአትላንቲክ ዳርቻ ባሉ አገሮች ረጅሙን የኃይል መቋረጥ የሚያመጣው ሃሪኬን የሚባለው የባሕር ማዕበል ነው። የዚሁ ዓይነት ማዕበል በሕንድ ውቅያኖስ ሲነሣ ሳይክሎን ይባላል። ለድሬዳዋ ከቀረቡት አንዱ ሳይክሎን ሳጋር ነው። ግንቦት 11 ቀን 2010 ዓ.ም. በሶማሌላንድ የባሕር ዳርቻ ወደ የብስ ገብቶ ጅቡቲን በጎርፍ ካጥለቀለቀ በኋላ ወደ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ሲዘልቅ ኃይሉ ደክሟል።

የድሬዳዋ ትልቁ አደጋ ግን ከባሕር ሳይሆን ከደቡብ ደጋ ይመጣል። በደንገጎ በኩል ባሉት ተራሮች ላይ የዘነበው ዝናብ ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ አሸዋ በሆነው በደቻቱ ወንዝ ወርዶ ከተማዋን መሃል ለመሃል ያቋርጣል። ከሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ 10 ሺህ ያህል ሰዎችንም ከቤታቸው አፈናቅሏል። ከተማዋ ውስጥ ያን ያህል ሳይዘንብ ጎርፍ ሊመጣ ስለሚችል በወንዙ ዳር የሚኖር ሰው ሰማይ አይቶ ብቻ አደጋውን ማወቅ አይችልም። ሰው በተኛበት ሰዓት፣ መብራት ጠፍቶ ስልክም ባትሪ ከጨረሰ፣ ማስጠንቀቂያ የሚደርሰው በጩኸት ብቻ ይሆናል። ከአደጋው ወዲህ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል።

በቤት ውስጥ

ማራገቢያ ሲቆም በቆርቆሮ ክዳን ሥር ያለ ክፍል ቶሎ ይግላል። ፍራሽ ወደ በረንዳና ወደ ግቢ ይወጣል፣ ሽርጥ የለበሰ ሁሉ ደጅ ተቀምጦ ያመሻል። ሕፃን ያለባት እናት እርጥብ ጨርቅና ካርቶን ይዛ ታራግባለች። ልጆች ግን ጨለማውን ለድብብቆሽ ይፈልጉታል፤ «መብራት መጣ!» የሚለው ጩኸትም ከቤት ቤት ይተላለፋል።

የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይፈልጋል፤ ይህ የ50 ያህል ማራገቢያዎች ፍጆታ ነው። ስለዚህ በትንሽ የፀሐይ ኃይል ወይም በቤት ጄኔሬተር አይሠራም። ሊጥ ቦክቶ መብራት ከጠፋ ያለው ምርጫ ማገዶ ወዳለው ጎረቤት መውሰድ ወይም እንጀራ መግዛት ነው። በሙቀቱ ሊጡ ቶሎ ስለሚኮመጥጥ እስከ ነገ ላቆየው ማለት አያዋጣም። ወጥና ሻይ በከሰል ይሠራሉ። ከሰል በተዘጋ ክፍል ሲነድ፣ ጄኔሬተርም በመስኮት ሥር ሲሠራ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው ሳያነቃው ይገድላል።

መብራት ሲመለስ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ስለሚል ፍሪጅና ቴሌቪዥን አስቀድመው ከዲቫይደሩ ይነቀላሉ። አንድ አምፖል ብቻ ሳይጠፋ ይተዋል፤ መምጣቱን የሚያበሥረው እሱ ነው።

ውሃ

የድሬዳዋ ውሃ በሳቢያንና በሌሎች አካባቢዎች ካሉ ጥልቅ ጉድጓዶች ይሳባል። ከኖራ ድንጋይ ሥር ስለሚመጣ ጠንካራ ነው፤ የማንቆርቆሪያን ውስጥ ነጭ አድርጎ የሚጋግረውም ይኸው ነው። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ፓምፑ ይቆማል፤ በማጠራቀሚያ ያለው ውሃ ሲያልቅ ከፍ ያሉ ሰፈሮች ቀድመው ይደርቃሉ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ ችግሩ ይደረባል፤ የሰፈሩ ተራ በጨለማ ካለፈ ቀጣዩን ተራ መጠበቅ ግድ ነው። የኃይል መቋረጥ ለውሃ እጥረቱ ብቸኛው ምክንያት ባይሆንም ከሚያባብሱት አንዱ ነው። በዚህም የተነሣ አቅም ያለው ሮቶ ያስተክላል፣ ሌላው በበርሜልና በጀሪካን ያጠራቅማል።

የተጠራቀመው ውሃ ሌላ ጣጣ ያመጣል። የደንጊ ትኩሳትና የቺኩንጉንያ አስተላላፊ የሆነችው ኤዲስ የተባለች ትንኝ የምትራባው በቤት ውስጥ በተቀመጠ ንጹሕ ውሃ ነው። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 በደንጊ፣ በ2019 ደግሞ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን ባሳመመ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ተመታለች። እ.ኤ.አ. በ2022 የተነሣው የወባ ወረርሽኝም አኖፌሊስ ስቴፈንሲ ከተባለች፣ ከደቡብ እስያ ከመጣች ትንኝ ጋር ተያይዟል። ይህች ትንኝ ከተለመዱት የአገራችን የወባ ትንኞች በተለየ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ መራባት ትወዳለች። የኤዲስ እንቁላል በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ለወራት ሳይደርቅ ስለሚቆይ ውሃውን መድፋት ብቻ በቂ አይደለም፤ ግድግዳው መፈተግ፣ አፉም በክዳን ወይም በጥቅጥቅ ጨርቅ መሸፈን አለበት። የደንጊና የቺኩንጉንያ ትንኝ የምትነድፈው በቀን ስለሆነ የሌሊት አጎበር ብቻውን አይከላከልም።

ስልክና ገንዘብ

የሞባይል ማማዎች መጠባበቂያ ባትሪ ወይም ጄኔሬተር አላቸው። መቋረጡ ሲረዝም ግን ባትሪው ያልቃል፤ ስልኩ ሙሉ ቻርጅ ይዞም «ኔትወርክ የለም» ይላል። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከተስፋፋ ወዲህ ኔትወርክ ማጣት ገንዘብ ማጣትም ሆኗል። ባንክ ቤት ያለው መልስ «ሲስተም የለም» ነው። ጥቂት ብር በእጅ የማስቀመጥ የቆየ ልማድ በዚህ ቀን ይጠቅማል። በነገራችን ላይ አብዛኞቹ የቤት ዋይፋይ መሣሪያዎች የሚሠሩት በ12 ቮልት ስለሆነ ተስማሚ ገመድ ያለው ፓወር ባንክ ለጥቂት ሰዓታት ሊያሠራቸው ይችላል።

ሕሙማን

ከሁሉም በላይ ጊዜ የማይሰጠው የሕሙማን ጉዳይ ነው። ሆስፒታሎች ጄኔሬተር ቢኖራቸውም በቤቱ ኢንሱሊን የሚያስቀምጥ የስኳር ሕመምተኛ ያለው ፍሪጅ ብቻ ነው። በጥቅም ላይ ያለ ኢንሱሊን ከ30 ዲግሪ በታች አራት ሳምንት ገደማ ይቆያል፤ የድሬዳዋ የቀን ሙቀት ግን በሞቃቱ ወራት ከዚያ ይበልጣል። አየሩ ደረቅ በመሆኑ ኢንሱሊኑን በላስቲክ ጠቅልሎ በሁለት የሸክላ ዕቃዎች መካከል እርጥብ አሸዋ በተደረገበት ማሰሮ ውስጥ ማኖር ሙቀቱን በጥቂት ዲግሪ ይቀንስለታል።

ማሪያ የተባለው ሃሪኬን እ.ኤ.አ. መስከረም 2017 ፖርቶ ሪኮን ከመታ በኋላ መብራት ለሁሉም እስኪመለስ አሥራ አንድ ወር ገደማ ፈጅቷል። በመጀመሪያ በይፋ የተነገረው የሟቾች ቁጥር 64 ነበር። በኋላ በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት ከማዕበሉ በኋላ ባሉት ወራት ከተለመደው በላይ የሞቱትን 2,975 አድርሷቸዋል፤ መንግሥትም ቁጥሩን ተቀብሏል። ከነዚህ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉና ድሆች ነበሩ።