ዶክተር ተፐርና የትምህርት ቤት ግብር

ዶክተር ቻርልስ ተፐር እ.ኤ.አ. በ1821 ኖቫ ስኮሺያ ተወለዱ፤ ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች፣ ዛሬ የካናዳ ክፍል ናት። በኤድንብራ ሕክምና ተምረው በ1843 ተመረቁ፤ አገራቸው ተመልሰውም ገጠሬውን ያክሙ ጀመር። በ1855 ለምክር ቤት ተመረጡ።

በ1864 የግዛቲቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው የነጻ ትምህርት ቤት ሕግ አወጡ። ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? በ1865 ልጅ ያለውም የሌለውም ለትምህርት ቤት ግብር እንዲከፍል ተደነገገ። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ እሳቸው ግን ወደኋላ አላሉም።

በ1896 የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው የቆዩት 69 ቀን ብቻ ነው። ነጻ ትምህርት ቤቱ ግን ዘለቀ።

እኛ መምህራን ታሪካቸውን ስናስተምር ከሥልጣናቸው ይልቅ ግብሩን እናስቀድማለን። የድሃ ልጅ ትምህርት የአባቱ ዕዳ ብቻ አይደለም፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።