የእንግሊዝ አሮጌ ጎዳናዎችና የብስክሌት ተጓዦች

ከለንደን ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ በማቅናት እስከ ፖርትስመዝ ወደብ የሚዘልቀው ጥንታዊ ጎዳና፣ የመርከብ አዛዦችና መልእክተኞች፣ ነጋዴዎችና መኳንንት በፈረስ ሠረገላ ሲመላለሱበት የኖረ፣ በየመንደሩም ፈረስ የሚለወጥበትና መንገደኛ የሚያድርበት ማረፊያ ቤት የተሠራለት የእንግሊዝ መንግሥት ዐቢይ ፍኖት ነበር። ነገር ግን በ1838 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የምድር ባቡር በአቅራቢያው እስካለችው እስከ ዎኪንግ በዘለቀ ጊዜ፣ ከዚያም ሐዲዱ ከከተማ ወደ ከተማ እየተቀጠለ አገሩን ሁሉ ባዳረሰ ጊዜ፣ በዚህ ጎዳናም ሆነ በሌሎቹ የሠረገላ መንገዶች ላይ የነበረው ሕይወት በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከሰመ። የፈረስ ጋጣዎች ባዶአቸውን ቀሩ፤ ሠላሳና አርባ እንግዳ ያስተናግዱ የነበሩ ቤቶች ለአጥቢያው ገበሬ ጠላ መሸጫ ሆኑ፤ በየኬላው ቀረጥ እየሰበሰቡ መንገዱን ይጠግኑ የነበሩት ማኅበራትም አንድ በአንድ ሲፈርሱ፣ የጥገናው ዕዳ ገንዘብም ዕውቀትም በሌላቸው በየሰበካው ሹሞች ጫንቃ ላይ ወደቀ።

ይህን የተረሳ ጎዳና ዳግመኛ የሰው መመላለሻ ያደረገው፣ ብዙ ሰው እንደሚገምተው አውቶሞቢል አይደለም፤ አውቶሞቢል ከመምጣቱ ከሃያ ዓመት በፊት ብስክሌት ይህን ሥራ ጀምሮት ነበር። የብስክሌት ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የፋብሪካው ብልሃትና የእሽቅድምድሙ ዝና ነው፤ እኔ ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ሥራው፣ የከተማን ሰው በገዛ እግሩ ኃይል ወደ ገጠር አውጥቶ፣ በኮረብታና በሸለቆ መካከል ከተሰወሩት መንደሮች ጋር ማስተዋወቁ ነው ብዬ አምናለሁ።

መነሻው ትሑት ነው። ካርል ድራይስ የሚባለው ጀርመናዊ በ1817 በማንሃይም ከተማ ያሳየው ባለ ሁለት መንኰራኵር የእንጨት መሣሪያ መርገጫ ስላልነበረው፣ የተቀመጠበት ሰው በእግሩ ምድሩን እየገፋ የሚሄድበት ነበር። በ1860ዎቹ የፓሪስ ሰዎች በፊተኛው መንኰራኵር ላይ መርገጫ ገጠሙለት፤ እንግሊዞች ደግሞ በ1870ዎቹ ፍጥነት ይጨምር ብለው ያንኑ የፊት መንኰራኵር እያሳደጉት ሄደው፣ ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ደረሰ። ጎማው ነፋስ የማይሞላ ድፍን ላስቲክ፣ መቀመጫውም ከሰው ደረት በላይ ስለ ነበረ፣ መንኰራኵሩን ድንጋይ ቢያደናቅፈው ነጂው በግንባሩ ይወድቅ ነበር። ቢሆንም ከዚያ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ሰው፣ እግረኛው የማያየውን፣ የቍጥቋጦውን አጥር አሻግሮ እርሻውን፣ የወንዙን መታጠፊያና የሩቁን የቤተ ክርስቲያን ደወል ቤት እያየ ይጓዝ ስለ ነበር፣ አደጋውን ንቀው የሚወጡ ወጣቶች አልታጡም።

እነዚህ ወጣቶች በለንደን ዙሪያ ከሁሉ አብልጠው የወደዱት ይህንኑ የፖርትስመዝ ጎዳና፣ በተለይም ከከተማው ዐርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ እስከምትገኘው እስከ ሪፕሊ መንደር ያለውን ክፍል ነው። መንገዱ በኤሸር አድርጎ፣ በኮብሃም የሞልን ወንዝ ተሻግሮ፣ ለጥ ካለ ሜዳና ከዝግባ ደን መካከል እየወጣ እየወረደ ወደ ዌይ ወንዝ ሸለቆ ይደርሳል። በመስኩ ላይ፣ በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን ገዳማት ሲፈርሱ አብሮ የፈረሰው የኒዋርክ ገዳም ግድግዳ፣ ጣራውና መስኮቱ ሳይኖር፣ በወንዙ ዳር ቆሟል። በመንደሯ መካከል ባለው «መልሕቅ» በተባለው አሮጌ ማረፊያ ቤት ውስጥ፣ የዲብል ቤተሰብ ሴቶች ልጆች አቧራ የለበሱትንና ላብ ያጠመቃቸውን እንግዶች ሳይጸየፉ ተቀብለው ሥጋና ሻይ ያቀርቡላቸው ነበርና፣ የቤቱ ዝና በብስክሌተኞች ዘንድ ከአፍ ወደ አፍ ተላለፈ። በ1880ዎቹና በ1890ዎቹ በጋ በሆነ ቁጥር በእሑድ ቀን ወደ ሪፕሊ የሚጐርፈው ሕዝብ፣ በእኛ አገር ለንግሥ በዓል ወደ ደብር የሚተመውን ምእመን የሚያስታውስ ነበር። በቤቱ የእንግዳ መዝገብ ላይ ስማቸውን የጻፉት ብዙ ሺህ ናቸው፤ እኅትማማቾቹም ባረፉ ጊዜ ብስክሌተኞች ገንዘብ አዋጥተው በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን መታሰቢያ አቆሙላቸው። ለሻይና ለመልካም ፊት እንዲህ ያለ ክብር መከፈሉ የዚያን ዘመን ተጓዦች ልብ በሚገባ የሚገልጽ ይመስለኛል። ስለ እሑዱ ጉዞ በካህናቱ መካከል ክርክር ነበረ፤ ብዙዎቹ ወጣቱን ከጸሎት አስቀረብን ብለው ብስክሌትን ሲያወግዙ፣ አንዳንዶቹ ግን ለተጓዦቹ ለብቻቸው የጸሎት ሰዓት እስከ መወሰን ደረሱ።

ጉዞው ሥርዓት ያገኘው ግን በማኅበር ነው። ነሐሴ (ኦገስት) 5 ቀን 1878 በሰሜን እንግሊዝ በሃሮጌት ከተማ፣ ስታንሊ ኮትሬል በተባለ የሕክምና ተማሪ አነሣሽነት የብስክሌት ጉዞ ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1883 ባለ ሦስት መንኰራኵሮቹንም ለማስገባት ስሙን «የብስክሌተኞች የጉዞ ማኅበር» አሰኘ። ማኅበሩ በየከተማው ለእንግዳ መንገድ የሚያመለክቱ ወኪሎች ሾመ፤ ከየማረፊያ ቤቱ ባለቤት ጋርም የመኝታና የምግብ ዋጋ ተዋውሎ፣ ቃሉን በጠበቀው ቤት ግድግዳ ላይ ክንፍ ያለው መንኰራኵር የተቀረጸበትን የብረት ሰሌዳ ሰቀለ። ሌሊት ደክሞትና ጨልሞበት ወደማያውቀው መንደር ለሚገባ መንገደኛ ያ ሰሌዳ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ከባቡር ወዲህ ደንበኛ ያጡት ቤቶችም በዚሁ ዓርማ ምክንያት አልጋቸውን እንደገና ማንጠፍ ጀመሩ። ቍልቍለቱ በሚያሰጋበት ኮረብታ አናት ላይም ለብስክሌተኛ የሚናገር የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ይተከል ነበር። በ1899 የማኅበርተኞቹ ቍጥር ከ60,000 በልጦ ነበር። ይህን አብነት ሌሎች አገሮችም ተከተሉ፤ በ1894 በሚላኖ ብስክሌተኞች ያቋቋሙት የኢጣልያ ማኅበር ከእነዚህ አንዱ ነው። ዳሩ ግን ይኸው የሰላም ተጓዦች ማኅበር በፋሽስቶች ዘመን ስሙ ተለውጦ፣ በ1938 በግፍ የተወረረችውን አገራችንን ለወራሪው መንገደኛ የሚያስጐበኝ መጽሐፍ ማሳተሙን ስናስብ፣ መልካም ጅምር ወዴት ሊዞር እንደሚችል ያሳዝነናል።

በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ በኮቨንትሪ ሁለቱ መንኰራኵሮች በቁመት የተቀራረቡለትንና የኋላው መንኰራኵር በካቴና የሚዞርለትን ብስክሌት ሠራ፤ በ1888 ደግሞ በቤልፋስት የሚኖረው የከብት ሐኪም ጆን ደንሎፕ ለልጁ ባለ ሦስት መንኰራኵር ነፋስ የሚሞላ ጎማ አበጀ። ከዚህ በኋላ ብስክሌት የደፋር ጐልማሶች ብቻ መሆኑ ቀረና የሱቅ ሠራተኛውም፣ መምህሩም፣ ሴቶቹም ያዙት። በ1895 ዎኪንግ ተቀምጦ ብስክሌት መንዳት የተማረው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ፣ በዓመቱ ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ በዚያው በሪፕሊ መንገድ ለዕረፍቱ የሚወጣ የጨርቅ መደብር ሠራተኛን ዋና ሰው ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ቀድሞ ከመደብሩና ከመኝታው በቀር ሌላ የማያውቅ ሰው፣ የአገሩን ምድር የማየት መብት አግኝቷል።

ለሴቶቹ መብቱ ያለ ሙግት አልተገኘም። በ1898 መጸው፣ ሴቶች ለጉዞ የሚመች ልብስ እንዲለብሱ ትከራከር የነበረችው የማዕርግ ባለቤት እመቤት ሃርበርተን፣ ሰፊ ሱሪ ለብሳ በሪፕሊ አጠገብ በምትገኘው በኦክሃም መንደር ወዳለ ማረፊያ ቤት ምሳ ልትበላ ብትገባ፣ የቤቱ ባለቤት በዚያ ልብስ ወደ ምግብ አዳራሹ መግባት አይቻልም ብላ ወደ መጠጡ ክፍል መራቻት፤ እመቤቲቱም እንቢ ብላ ወጣች። ማረፊያው የማኅበሩ ስምምነት የነበረበት ቤት ነውና፣ ማኅበሩ ስለ ማኅበርተኛዋ ክብር ጠበቃ አቁሞ ባለቤቲቱን በ1899 ከሰሳት፤ ነገር ግን በሌላ ክፍል ምግብ ቀርቦላት ነበር ተብሎ ተከሳሿ በነፃ ተለቀቀች። ማኅበሩ በሸንጎ ቢሸነፍም፣ አንዲት ሴት በመረጠችው ልብስ በመንገድ ስለ መጓዝዋ እስከ ዳኛ ፊት መቆሙ ሊመሰገን ይገባዋል።

የእነዚህ ሰዎች ትልቁ ውለታ ግን መንገዱ ራሱ ነው። በደረቅ ወራት የኖራ አቧራ፣ በዝናብ ጭቃ፣ በሁሉም ጊዜ ጐድጓዳ የነበረውን ጎዳና ለማሻሻል በ1886 ብስክሌተኞቹ የመንገድ ማሻሻያ ማኅበር አቋቁመው፣ ድንጋይ እንዴት እንደሚከሰከስና ውኃ እንዴት እንደሚፈስ የሚያስተምር ጽሑፍ አሳትመው ለሹማምንቱ አደሉ። በ1888 ፓርላማው ባወጣው ሕግ ዋና ዋና መንገዶች ለአውራጃ ምክር ቤቶች ሲሰጡ፣ በዚያው ሕግ ብስክሌት እንደ ማናቸውም ሠረገላ ተቈጥሮ በጎዳና የመሄድ መብቱ ታወቀለት፤ ሌላውን ሲያልፍ ደወል እንዲያሰማና ሌሊት መብራት እንዲይዝም ታዘዘ። በ1910 መንግሥት የመንገድ ቦርድ ሲያቆም ዋና ጸሐፊ ሆኖ የተሾመው ሪስ ጄፍሪስም ከዚሁ ከብስክሌተኞች ማኅበር የወጣ ሰው ነበር። ሆኖም ቦርዱ የሬንጅ ንጣፉን ባስፋፋ ጊዜ ተጠቃሚው አውቶሞቢል ሆነ፤ መንገዱን ለምነው፣ ተከራክረውና ጽፈው ያሠሩት ሰዎች በፍጥነቱ እየተገፉ ወደ ዳር ተጣሉ። ይህ በደል ነው፤ በታሪክ መጻሕፍት እምብዛም አይነገርም።

ከ1914ቱ ጦርነት በኋላ፣ የሞቱት ብስክሌተኞች መታሰቢያ በሜሪደን መንደር በ1921 በተመረቀ ጊዜ፣ ተጓዡ ዋናውን ጎዳና ትቶ ወደ ጠባቦቹ የገጠር መንገዶች ገብቶ ነበር። ማኅበርተኞቹ የየአካባቢያቸውን መንገድ እያጣሩ ያረሙት የባርቶሎሜው ካርታ፣ ቈላውን በአረንጓዴ፣ ደጋውን በቡኒ ቀለም እያሳየ፣ ዳገት የት እንደሚጠብቅና ሸለቆው በየት በኩል እንደሚከፈት ያስረዳ ነበር። ፍራንክ ፓተርሰንም ከ1893 ጀምሮ በ1952 እስከ ሞተ ድረስ በብስክሌት መጽሔቶች ላይ በቀለም ብዕር እየሣለ፣ የድንጋዩን ድልድይ፣ የሣር ክዳኑን ቤት፣ ከአጥሩ ተደግፎ የቆመውን ብስክሌት፣ እያንዳንዷን የግድግዳ ስንጥቅ ሳይተው፣ ለብዙ ሺህ የከተማ ነዋሪዎች አገራቸውን አሳያቸው። የሚያስደንቀው ግን እርሱ ራሱ እግሩ ተጐድቶ ብስክሌት መንዳት ካቆመ በኋላ አብዛኛውን ሥራውን ከሌሎች በተላከለት ፎቶግራፍ የሠራ መሆኑ ነው።

ደህና ደህናዎቹ ማረፊያ ቤቶች ፊታቸውን ወደ አውቶሞቢል ባለቤቶች ሲያዞሩ፣ ደመወዙ ትንሽ የሆነው ተጓዥ አዳር አጣ። በ1930 የተመሠረተው የወጣቶች ማደሪያ ማኅበር ባዶ ወፍጮ ቤቶችንና አሮጌ የገጠር ቤቶችን አልጋ እያነጠፈባቸው፣ በአንድ ሽልንግ ሌሊቱን የሚያሳድር ሆነ፤ ደንቡም በእግሩና በብስክሌት ለሚመጣ ብቻ በሩ እንዲከፈት፣ በመኪና የመጣ እንዳይገባ ያዝዝ ነበር።