ለጃዕፈር ቤት የተሰራው ምግብ

 

ዛሬ ይዘናችሁ የምንገባው ወደ አንድ የመዲና ቤት ነው። ጊዜው 8ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር 629 ነው። የቤቱ እመቤት አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) በዚያን ዕለት ቆዳ ሲያለፉ ቆይተዋል፣ ሊጣቸውን አቡክተዋል፣ ልጆቻቸውንም አጥበው ቅባት ቀብተዋል። ባለቤታቸው ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ግን ቤት የሉም። 3 ሺህ ከሚሆነው ሠራዊት ጋር ዛሬ በዮርዳኖስ ግዛት ወደምትገኘው ሙእታ ዘምተዋል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደዚህ ቤት ገቡና የጃዕፈርን ልጆች እንዲያመጡላቸው ጠየቁ። ልጆቹ በቀረቡ ጊዜ አቅፈው አሸተቷቸው፤ ዓይኖቻቸውም እንባ አፈሰሱ። አስማእ ነገሩ ገባቸው። ከጃዕፈርና ከጓደኞቻቸው የተሰማ ነገር እንዳለ ጠየቁ፤ በዕለቱ መገደላቸውም ተነገራቸው። ጮኸው ተነሱ፤ ሴቶችም በዙሪያቸው ተሰበሰቡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዚያ ወጥተው ወደ ቤተሰቦቻቸው ሄዱና ለጃዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሰራ አዘዙ። ምክንያቱንም ሲያስረዱ፣ ሐሳባቸውን የሚይዝ ጉዳይ እንደመጣባቸው ተናገሩ። ይህን አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚና ኢብኑ ማጃህ ዘግበውታል።

እዚህ ላይ ልብ በሉልን። በአስማእ ቤት ዱቄት አልጠፋም፤ ሊጡም ተቦክቷል። የጠፋው የሚጋግር እጅና የሚጎርስ ልብ ነው። ሐዘን የደረሰበት ሰው የሚያጣው እህል ሳይሆን እህሉን ለመብላት የሚያስችለውን አቅም ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያዩት ይህንን ነው።

ጃዕፈር (ረ.ዐ) ለእኛ ለሐበሻ ሙስሊሞች እንግዳ ሰው አይደሉም። አገራችን ላይ አሥር ዓመት ያለፈ ጊዜ በስደት ኖረዋል፤ ልጆቻቸውም እዚሁ ተወለዱ። በነጃሺ ፊት ቆመው የሱረቱ መርየምን መጀመሪያ የቀሩት እሳቸው ናቸው። በዚችው ሱራ ውስጥ መርየም (ዐ.ሰ) ምጥ ጸንቶባቸው ከዚህ በፊት ሞቼ በነበር እስከማለት ሲደርሱ፣ እንዳያዝኑ ተነገራቸው። ከበታቻቸው ውኃ ፈሰሰላቸው፣ የዘንባባውን ግንድ እንዲወዘውዙና የበሰለ ተምር እንዲረግፍላቸው ተደረገ። ከዚያም እንዲበሉ፣ እንዲጠጡና እንዲረጋጉ ታዘዙ (መርየም፡ 23-26)። ማጽናኛው ከምግቡና ከመጠጡ ጋር አብሮ ነው የወረደው።

ጃዕፈር በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ከሐበሻ ተመልሰው መዲና የኖሩት ከአንድ ዓመት ብዙም ያልዘለለ ጊዜ ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ግን ለድሆች ከማንም የተሻሉ ሰው እንደነበሩ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) መስክረዋል። ቤታቸው ወስደው ያለውን ያበሏቸው ነበር። ምንም ሲታጣ ባዶውን የቅቤ ስልቻ ያወጡና ቀድደውት፣ ከውስጡ የቀረውን ይልሱ እንደነበር በቡኻሪ ተዘግቧል። እንግዲህ የድሆች አብሳይ የነበረው ቤት ነው አሁን ምግብ የተላከለት።

ምን ዓይነት ምግብ ነበር? ዋቂዲ በዘገቡት መሠረት፣ ያኔ ገና ልጅ የነበሩት ዐብዱላህ ኢብኑ ጃዕፈር በኋላ እንዳወሩት፣ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አገልጋይ ሰልማ ገብስ ፈጭታ፣ ገለባውን አበራይታ፣ አበሰለችው፤ በዘይትም አጣፈጠችው፣ ቁንዶ በርበሬም ጨመረችበት። ዐብዱላህና ወንድማቸው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር በሉ፤ በቤታቸውም ሦስት ቀን ሰነበቱ። የዋቂዲ ዘገባ እንደ ቡኻሪ የሚጠነክር አይደለም፤ ይሁንና ታሪክ ጸሐፊዎች ያቆዩልን ነገር ነው። አንድ አባቱ የሞተበት ልጅ ካደገም በኋላ የዚያን ቀን የገብስ ምግብ በዘይትና በቁንዶ በርበሬ መሰራቱን አለመርሳቱ ግን ለእኛ ብዙ ይነግረናል።

ገብስ ካነሳን ወደ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንለፍ። ከቤተሰባቸው ሰው ሲሞት ሴቶች ይሰበሰባሉ፤ ከዚያም ይበተናሉ። የቤቱ ሰዎችና የቅርብ ዘመዶች ብቻ ሲቀሩ ዓኢሻ ተልቢና በድስት እንዲሠራ ያዝዛሉ። ሰሪድ፣ ማለትም ፍትፍት ይዘጋጅና ተልቢናው ይፈስበታል። ከዚያም ሴቶቹን እንዲበሉ ይነግሯቸዋል፤ ተልቢና የታመመን ሰው ልብ እንደሚያሳርፍና ከሐዘኑም የተወሰነውን እንደሚያስወግድ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስማታቸውንም ያስረዳሉ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ነቢዩ ከሐዘኑ የተወሰነውን ነው ያሉት እንጂ ሁሉንም አላሉም። ደግሞም ድስቱ የተጣደው ሰዉ ከተበተነ በኋላ መሆኑን አትርሱ፤ ምግቡ ለሐዘንተኛው እንጂ ለተሰበሰበው ሰው አልነበረም።

ተልቢና ስሙን ያገኘው ከለበን፣ ከወተት ነው፤ በንጣቱና በቅጥነቱ ወተት ስለሚመስል። እናቶቻችን ለአራስና ለበሽተኛ የሚሠሩት የገብስ አጥሚት የቅርብ ዘመዱ ነው። በ751 ዓመተ ሂጅራ (1350) ያረፉት ኢብኑል ቀይም እንደጻፉት፣ ያዘነ ሰው ምግብ ስለሚቀንስ አካሉ፣ በተለይም ጨጓራው ይደርቃል፤ ይህ ቀጭን ገንፎ ደግሞ ያርሰዋል፣ ያጠነክረዋል። የዛሬ ሐኪሞች ነገሩን በሌላ ቋንቋ ይገልጹታል። ድንጋጤና ሐዘን በሰውነት ውስጥ የጭንቀት ሆርሞኖችን ያበዛሉ፤ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይሸሻል። ባልበላና ባልተኛ አካል ላይ ደግሞ ሐዘኑ ይብሳል። ገብስ ውስጥ ያለው የሚሟሟ አሰር ስኳር ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርጋል፤ ለስላሳና ሙቅ ስለሆነም ጉሮሮው ለተዘጋ ሰው ይወርዳል።

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር እንመለስ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ለተዕዚያ አንድ ቤት ገብተን ነበር። አባወራው ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ድንኳኑ ሞልቷል፣ ምግብ ይቀርባል፣ ጫትም በየጥጉ አለ። ሚስትየዋን ልናጽናና ስንጠይቅ ከጓሮ፣ ከጭሱ መካከል ወጥ እያማሰለች አገኘናት። ምን በልተሻል አልናት። «ኧረ ኡስታዝ፣ እኔንማ ቡናው ነው የያዘኝ» አለችን። እኛም ከቀረበው በልተን፣ ዱዓ አድርገን ወጣን። በሳምንቱ ራሷን ስታ ወድቃ ጤና ጣቢያ ግሉኮስ እንደተሰጣት ሰማን፤ ለድንኳኑ የታረዱት በጎችም በዱቤ የተገዙ ነበሩ። ይህን የምንናገረው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ከሳህኑ የበላነው እኛም ነን።

ጀሪር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) ሰሓቦች በሟች ቤት መሰባሰብንና ከቀብር በኋላ ምግብ መሥራትን እንደ ሙሾ ይቆጥሩት እንደነበር ተናግረዋል፤ አሕመድና ኢብኑ ማጃህ ዘግበውታል። ኢማሙ ሻፊዒይ ደግሞ ጎረቤትና ዘመድ በሞቱ ቀንና ሌሊት ለሟች ቤተሰብ የሚያጠግብ ምግብ እንዲሠራ ወድደዋል፤ ሱና መሆኑንም ገልጸዋል። እርግጥ በየሰፈሩ በእድርም ሆነ በግል ሰሃን ተሸክመው ለቅሶ ቤት የሚሄዱ እናቶች አሉን፤ አላህ ምንዳቸውን ያብዛላቸው። ችግሩ የተላከው ምግብ ከጓዳ ሳይደርስ ድንኳን ውስጥ ማለቁ ነው። ከሩቅ መጥቶ የሚያድር እንግዳ ቢበላ ማንም አይከለክለውም፤ ከሦስት ቤት ወዲያ የሚኖር ጎረቤት ግን ቤቱ ሄዶ ይብላ። ጫቱንማ ተዉት፤ የምግብ ፍላጎትንና እንቅልፍን የሚዘጋ ነገር ለሐዘንተኛ ቤት ምን ይሠራል?

ይህም ለቀብር ሰሞን ብቻ አይደለም። በጦርነት ከቀዬው የተፈናቀለ፣ በስደት መንገድ ላይ ልጁን ያጣ፣ ከአረብ አገር ተጎድታ የተመለሰች እህት፣ ሁሉም ጓዳቸው እንደ አስማእ ጓዳ ነው። ማስገደድ አያስፈልግም፤ ትንሽ ትንሹን፣ ደጋግሞ፣ አብሮ ተቀምጦ መጉረስ ይበልጣል። ሳምንታት አልፈውም መብላትና መተኛት ያቃተውን፣ ወይም ሞትን የሚመኘውን ሰው ግን በአጥሚት ብቻ አትያዙት፤ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለጃዕፈር ቤተሰብ ሦስት ቀን ከሰጡ በኋላ ተመልሰው መጡ። ከዚያ ቀን በኋላ በወንድማቸው ላይ እንዳይለቀስ ተናገሩ፤ ጸጉር የሚላጭ ሰው አስጠርተው የልጆቹን ጸጉር አስላጩ። አስማእ የልጆቹን የቲምነት ሲያነሱም በዱንያም በአኺራም ኃላፊያቸው እሳቸው መሆናቸውን ነገሯቸው። ዐብዱላህ አድገው በለጋስነታቸው ስማቸው የታወቀ ሰው ሆኑ።

የተልቢና አሠራር ለምትጠይቁን፦ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የገብስ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጡ። በቀስታ እሳት ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እያማሰላችሁ አብስሉት፤ ከዚያም ወተት ጨምሩና ቀጭን አድርጉት። ማር የሚገባው ከወረደ በኋላ ነው፤ የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ማሩን ተዉት። በፔርሙስ አድርጋችሁ ሰው ሲበተን፣ ከመግሪብ በኋላ ውሰዱላት።