የዳሱ ማኅቶት

ስለ ላስታና ስለ ላሊበላ የጻፈ ሁሉ፣ ከፖርቱጋላዊው ቄስ ከፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጀምሮ እስከ ዘመናችን መንገደኞች ድረስ፣ ብዕሩን ያዋለው ለዐለቱ ነው፤ ቤተ መድኃኔ ዓለም እንዴት በዓምድ እንደ ተከበበ፣ ቤተ ጊዮርጊስም እንዴት በመስቀል ቅርጽ ከአንድ ደንጊያ እንደ ወጣ ብዙ ተብሏል፤ ነገር ግን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በዚያ ዐለት ውስጥና በዙሪያው ባሉት ጎጆዎች ሰው በምን ብርሃን ይተያይ እንደ ነበር የጠየቀ ጥቂት ነው። አሮጌ ፋኖስ እየፈቱ መጠገን ከሚያስደስታቸው ሰዎች አንዱ በመሆኔ፣ ይህን ጥያቄ ከመጻሕፍት ይልቅ ከዕቃዎቹ ከራሳቸው መጠየቅ ልማዴ ሆኗል፤ ዕቃዎቹም የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፤ በላስታ ደጋ ብርሃን እንደ ሰው መዓርግ ነበረው፤ አዲሱ ሲመጣ አሮጌውን አይሽረውም፤ የራሱን ወንበር ፈልጎ ይቀመጣል እንጂ።

የመጀመሪያው መዓርግ የሰም ነው። ቅዱስ ላሊበላ በተወለዱ ጊዜ ንቦች እንደ ከበቧቸውና ይህም የንግሥናቸው ምልክት ሆኖ እንደ ተተረጎመ ገድሉ ይተርካል፤ አገሩም እስከ ዛሬ የማር አገር ነው። ማሩ ለጠጅና ለመድኃኒት ሲሄድ ሰሙ ለቤተ ክርስቲያን ይቀራል፤ ከጥጥ የተፈተለው ክር በሞቀ ሰም ውስጥ እየተሳበ ጧፍ ይሆናል፤ ጧፍም ከዕጣንና ከዘቢብ ጋር የስእለተኛው እጅ መንሻ ነው። ዲያቆኑ ወንጌል ሲነበብ የሚይዘው፣ በልደት ዋዜማ በላሊበላ ሌሊቱን ሙሉ በምእመናኑ እጅ የሚታየው፣ ንጋት ላይም ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ከላይና ከታች ሆነው ቤዛ ኵሉ ሲያሸበሽቡ ተርፎ የሚገኘው ይኸው ጧፍ ነው። ሰምና ቅብዐ ዘይት የመቅደስ ናቸው፤ ላምባ የሚሸት መብራት ግን፣ ምንም ያህል ቢያበራ፣ ከቅኔ ማኅሌቱ ደጅ አያልፍም ነበር።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር መዘንጋት አይገባም፤ ይኸውም ሊቃውንቱ ጨለማን እንደ ጠላት ያለመቍጠራቸው ነው። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያደርሰው የዐለት ዋሻ የሲኦል ምሳሌ ነው ተብሎ ያለ መብራት፣ ግድግዳ እየዳሰሱ፣ ይታለፋል። የቆሎ ተማሪም ቢሆን ንባቡን በቀን ይቀጽላል፤ ሌሊቱ የቃል ትምህርት ነው። ከላስታ ጎረቤት በዋድላ፣ ስሙ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ተያይዞ በሚጠራው የቅኔ አገር፣ ተማሪው ግጥሙን በልቡ ሲቈጥር ለዚህ የሚሆን መብራት አይፈልግም፤ ዐይን የማያስፈልገው ትምህርት የተደራጀው መብራት በማይገኝበት ሰዓት ነውና። ስለዚህ ላምባ ወደ ላስታ ሲወጣ ያገኘው በጨለማ መሥራትን ያወቀ ሕዝብ ነው፤ ለገበያው መዘግየት ምክንያቱ የመንገዱ ርቀት ብቻ አልነበረም ብዬ የማስበውም በዚህ ነው።

ላምባ ራሱ የቅርብ ጊዜ ፍጥረት ነው። ፖላንዳዊው መድኃኒት ቀማሚ ኢግናጺ ዉካሼቪች ከድፍድፍ ዘይት ያጣራውን ላምባ በመብራት አድርጎ፣ እ.ኤ.አ. በ1853 በልቮቭ ሆስፒታል አንድ የሌሊት ቀዶ ሕክምና በዚያ ብርሃን ሲደረግ፣ በእኛ አገር ካሣ ኃይሉ ገና ቴዎድሮስ ተብለው አልነገሡም። ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ግን ላምባው በብዛት የገባው የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ነው። በየመን ነጋዴዎች ሱቅ በኩል ደሴ ይደርሳል፤ ከደሴ ወደ ወልድያ፣ ከወልድያም በበቅሎና በአህያ ወደ ላስታ ይወጣል። የሚመጣበት ታኒካ ከላምባው የማያንስ ጥቅም ነበረው፤ ባዶው ታኒካ ውኃ መቅጃ፣ እህል መስፈሪያ፣ የጣሪያ ልጣፊ ይሆናል፤ ከቁርጥራጩም ቆርቆሮ ሠሪው ኩራዝ ይቀጠቅጣል። ኩራዝ ማለት ከትንሽ ቆርቆሮ ሆድና ከአንዲት ክር መውጫ በቀር ምንም የሌላት፣ የገበሬውን ግድግዳና የተማሪውን አፍንጫ በጥላሸት የምትቀባ መብራት ናት። ጓዳው የኩራዝ ሆነ፤ መንገዱና በረቱ፣ ነፋስ የማያጠፋው ባለ መስተዋት ፋኖስ ድርሻ ሆነ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅም፣ ገበሬው ከሥራ የሚፈታው ሲመሽ ስለሆነ፣ ፊደል ወደ ብዙ መንደር የገባው በዚሁ በፋኖስ ብርሃን ነው።

እነዚህ ሁሉ የአንድ ቤት ወይም የአንድ ሰው መብራቶች ናቸው። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ፊት ለፊት የሚተያይበት የሌሊት ብርሃን የመጣው ከፔትሮማክስ ጋር ነው።

ተራው ፋኖስ ላምባውን በክር እየመጠጠ ያነድዳል፤ ብርሃኑም የነበልባሉ የራሱ ብርሃን ነው። ፔትሮማክስ ግን ላምባውን በነሐስ ሆዱ ውስጥ በአየር ግፊት አስጨንቆ፣ በጋለ ቀጭን ቧንቧ አሳልፎ ወደ እንፋሎት ይለውጠዋል፤ እንፋሎቱ የመርፌ ጫፍ ከምታክል ቀዳዳ ተወርውሮ ሲወጣ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ በሰማያዊ ነበልባል ይነድዳል፤ ሰማያዊው ነበልባል ግን ሙቀት እንጂ ብርሃን እምብዛም የለውም፤ ብርሃን የሚሰጠው በላዩ የተንጠለጠለችው፣ የሕፃን ካልሲ የምትመስል ከረጢት ናት። ይህችን ከረጢት የፈለሰፈው የኦስትሪያው ኬሚስት ካርል አወር ፎን ቬልስባኽ ነው፤ የመጀመሪያ ፈቃዱን እ.ኤ.አ. በ1885 አወጣ፤ በ1891 ደግሞ ከመቶ 99 እጅ የቶሪየም ኦክሳይድና 1 እጅ የሴሪየም ኦክሳይድ ቢቀላቀል ብርሃኑ እጅግ ነጭ እንደሚሆን ደረሰበት። የስዊድኑ ፍራንስ ሊንድክቪስት እ.ኤ.አ. በ1892 ፕሪሙስ የተባለውን ላምባ የሚያነድ ምድጃ አቆመ፤ ከርሱ በኋላ በበርሊን የማክስ ግሬትስ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ ሁለቱን ብልሃት አንድ አድርጎ ፔትሮማክስን አወጣ። ታላቁ ዓይነት 500 ሻማ ተብሎ ይሸጥ ነበር፤ አንድ ሊትር ላምባ ይዞ ስምንት ሰዓት ያህል ያበራል። ኩራዝን ለሚያውቅ ዐይን ይህ ብርሃን ሳይሆን ቀን ነው።

እንዲህ ያለ ብርሃን ለአንድ ጎጆ ከመጠን በላይ ነው፤ ዋጋውም ለአንድ ገበሬ ከመጠን በላይ ነበር። ስለዚህ የሚገኘው ባለ ጠጅ ቤቱ ዘንድ፣ ነጋዴው ዘንድ፣ ወይም እያከራየ ከሚኖር ሰው ዘንድ ነው፤ ወንበሩም ዳሱ ሆነ። የጥርና የየካቲት ሠርግ ሲደርስ ዳሱ ከተጣለ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከሚመክሩባቸው ነገሮች አንዱ መብራቱ ከማን እንደሚመጣ ነው፤ ከመብራቱም ጋር «የሚያውቀው ሰው» አብሮ ይጠራል። እርሱ ላምባውን በነጠላ ጨርቅ ያጠልላል፤ በትንሿ ጽዋ አልኮል አፍስሶ ቧንቧውን ያግላል፤ ይነፋል፤ ዐይኑን ጨፈን አድርጎ የሹክሹክታውን ድምፅ ያዳምጣል፤ ቧንቧው ሳይግል የነፋ እንደ ሆነ ላምባው ፈሶ እሳቱ እስከ ዳሱ ቅጠል ሊንቦገቦግ ይችላልና፣ በዚያች ሰዓት ሙሽራው እንኳ ሊያዝዘው አይደፍርም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግፊቱ ሲላላና ብርሃኑ ሲቢጭ ማሲንቆው ይቆማል፤ ሰውየው በበርጩማ ላይ ወጥቶ ጥቂት ይነፋል፤ እስክስታው ይቀጥላል። የእሳት እራቶች ከመስተዋቱ ጋር ሲላተሙ ያድራሉ፤ ከረጢቷ አንድ ጊዜ ከነደደች በኋላ የአመድ ያህል የሳሳች ናትና፣ መስተዋቱ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ አንዲት የእሳት እራት ሠርጉን ልታጨልም ትችላለች።

ላስታ በተለይ ለዚህ መብራት ቀላል አገር አልነበረም። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በዚህም ምክንያት ላምባው አየር ያንሰውና ነበልባሉ ወደ መቢጨት፣ ከረጢቷም ወደ መጥቈር ታደላለች። መድኃኒቱ ከቀዳዳዋ በላይ ያለውን የመቀላቀያ ቧንቧ ከፍ ዝቅ አድርጎ አየሩን ማስተካከል ነው። በአንዳንድ አሮጌ መብራቶች ላይ የዚህ ቧንቧ ማሰሪያ ብሎን ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ተልጦና ተጨራምቶ ሲገኝ፣ በጀርመን የተስተካከለውን ደጋ ላይ መልሶ ያስተካከለ እጅ እንደ ነበረ ይመሰክራል።

የፔትሮማክስ መሻር ዐዋጅ አልወጣለትም። በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ኤሌክትሪክ የታየው ገና በዐፄ ምኒልክ ጊዜ ነው፤ የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ቆመ፤ ወደ ላሊበላም የአውሮፕላን መንገደኛ መምጣት ሲጀምር እንደ ሰባት ወይራ ያሉ ሆቴሎች ተከፈቱ፤ በኋላም ጄኔሬተሩ፣ ከዚያም ምሰሶው መጣ፤ በገጠሩ ደግሞ የእጅ ባትሪና ሶላር ኩራዝን ተክተው ተቀመጡ። ፔትሮማክሱ ከቆጥ ወደ ጎተራ ሥር፣ ከጎተራ ሥር ወደ ቆራሌው ጆንያ፣ ከጆንያው ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወረደ፤ እዚያም በኪሎ የሚመዘን ነሐስ ሆነ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ስላላስገባችው በንዋየ ቅድሳቷ መዝገብ ውስጥ የለም፤ መንግሥትም የግል ሰው ዕቃ ስለሆነ አልመዘገበውም፤ ታሪኩ የተጻፈው በገላው ላይ ብቻ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለችው መብራት ስትገኝ መጀመሪያ የሚደረገው ነገር አለማጽዳት ነው። ብዙ ሰው ሎሚና ጨው ይዞ ወደ ነሐሱ ይሮጣል፤ እኔ ግን ካቻቢቴውን አስቀድማለሁ። መንፊያው ይወጣል፤ በጫፉ ያለችው ጽዋ መሰል የቆዳ ክዳን ደርቃ እንደ ሆነ በዘይት ተነክራ ታድራለች፤ ተሰንጥቃ እንደ ሆነ ከለፋ የፍየል ቆዳ በመቀስ ክብ ተደርጋ ትቈረጣለች። ቧንቧው ውስጥ የተጋገረው ጥላሸት ይፋቃል፤ ቀዳዳዋ በቀጭን ሽቦ ትከፈታለች፤ ነገር ግን በሽቦ የሰፋች ቀዳዳ መልሳ አትጠብብምና እዚህ ላይ ትዕግሥት ይፈለጋል። ከዚያ ባዶው ሆድ ተነፍቶ በውኃ ገንዳ ይጠመቃል።

ይህን ጊዜ ነው የላስታ ቆርቆሮ ሠሪ የሚናገረው። ከጠገንኋቸው መብራቶች በአንዲቱ ሆድ ግርጌ የአውራ ጣት ያህል ልጣፊ አለ፤ ከታኒካ ተቈርጦ በእርሳስ የተበየደ፤ ዳር ዳሩ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ከነሐሱ ጋር እንዲስማማ የተደረገ፤ የታኒካው ቀለም ርዝራዥም ከበታቹ ገና ይታያል። ለመሸጥ የሚጠግን ሰው ይህን ነቅሎ በአዲስ ነሐስ ይተካዋል፤ ኒኬልም ቀብቶ ከፋብሪካ እንደ ወጣች ያስመስላታል። እኔ ይህን ጥገና አልለውም፤ መፋቅ ነው። ላሊበላ ራሷ ይህን ፈተና አይታለች፤ ቀደም ባለ ጥገና ጊዜ ዐለቱን ከዝናም ለማዳን ተብሎ ሬንጅና ቀይ ቀለም በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ ተቀብቶ ነበርና፣ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በዓለም አቀፍ የሐውልቶች ፈንድ ስም የመጡት የጣልያኑ አርክቴክት የሳንድሮ አንጀሊኒ ባለሙያዎች ዐለቱን ከነዚያ ሽፋኖች ለማላቀቅ ብዙ ደክመዋል። እርግጥ ነው፣ ልጣፊው ከውኃው ውስጥ አረፋ የሚሰድ እንደ ሆነ መብራቷ በግፊት አትነድድም፤ ታሪክ ማክበር ማለት ፊትን ማቃጠል አይደለምና፣ እንዲህ ያለችው በመደርደሪያ ላይ ትቀመጥ። የሌሎቹ መብራቶች ልጣፊዎች ግን አንድም አረፋ አላሳዩም።

በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ላሊበላ ሲደርስና ከተማዋ ለብዙ ወራት ከኤሌክትሪክ ስትለይ፣ በጎተራ ሥር የቀረ ፔትሮማክስ ካለ ወንበሩን መልሶ ሊይዝ የሚችልበት ጊዜ ነበር። ነገር ግን ላምባ ከየት ይምጣ፣ ከረጢትስ ከየት? በመቅደሱ ውስጥ ያለው ጧፍ ብቻ ከሩቅ አገር የሚጠብቀው ነገር ስላልነበረ እንደ ወትሮው በራ። ዛሬም የጠጋኙ ትልቁ ችግር ከረጢቷ ናት፤ በመርካቶ አንዳንድ ሱቅ ከቻይና የመጣ ቢገኝም፣ ብዙ ፋብሪካዎች ጥቂት ጨረር ስላለው ቶሪየምን ትተው በኢትሪየም ይሠሩታል፤ ብርሃኑም እንደ ቀድሞው አይነጣም ብለው የሚያማርሩ ሰብሳቢዎች አሉ። በዳስ ውስጥ፣ ከሁለት ብርሌ ጠጅ በኋላ፣ ልዩነቱን የሚያይ ሠርገኛ ይገኛል ብዬ አላምንም።